አልላቀቅ ያለ ፒን
ስለ ዕርቅ፣ ለዐቢይ ጾም የቀረበ ስብከት



በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ለልጆችዋ ከምታቀርባቸው ጥሪዎች መካከል ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን እጅግ ከባድ የሆነው ከተጣላነው ሰው ጋር እንድንታረቅ የሚያሳስበው ጥሪ ነው። ጾሙን ብዙዎች ይጾማሉ፤ ምጽዋቱንም እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ይሰጣል። ከገዛ ወንድሙ ጋር ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያልተነጋገረ ሰው ግን «ሂድና ታረቅ» ቢባል፣ «ይህስ ይቅርብኝና ጾሙን በእጥፍ ልጹም» ለማለት የተዘጋጀ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ ከመሠዊያው ፊት ስለ ደረሰ ሰው ሲያስተምር፣ ያ ሰው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ወደ ወንድሙ እንዲሄድ ያዝዘዋል። ልብ እንበል፤ እንዲሄድ የታዘዘው የተቀየመው ብቻ አይደለም፤ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅያሜ እንዳለው ያስታወሰውም ነው።

ዕርቅ የሚያስፈልግ መሆኑን ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል። በምን መንገድ ይደረስበታል የሚለው ግን ብዙ አይነገርም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ምሳሌውንም የምንወስደው ከጋራዥ፣ ከአሮጌ ከባድ መኪና ጥገና ነው። ይህ ነገር ከመቅደስ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ጌታችን በጠራቢ ቤት ያደገ መሆኑን ያስታውስ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በወጣትነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በክራኮቭ መጀመሪያ በድንጋይ ማውጫ፣ ኋላም በኬሚካል ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ።

መንገድ ሲሠራ አፈር የሚዝቀውን ሎደር ያላየ የለም። ባለሙያዎች ባኬት የሚሉት ትልቁ አካፋ ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያያዘው የሰው እጅ አንጓ ያህል በሚወፍር ድቡልቡል ብረት ነው፤ ይህም ፒን ይባላል። ፒኑ በክንዱና በባኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋል። በቀዳዳው ውስጥ ቡሽ የሚሉት ቀለበት መሳይ ብረት አለ፤ በፒኑና በቡሹ መካከል ደግሞ ግራሶ ይሞላል። የፒኑ ሥራ ማያያዝ ብቻ አይደለም፤ የተያያዙት ሁለቱ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግም ጭምር ነው። በብየዳ የተጣበቁ ብረቶችም ተያይዘዋል፤ ነገር ግን እንዲህ የተጣበቀ ባኬት አይታጠፍም፣ አፈርም አይዝቅም። ወንድማማችነት፣ ጋብቻና ጉርብትና፣ በአንድ ቁምስና አብሮ መኖርም ሳይቀር፣ እንደ ፒን ያለ መያያዝ ናቸው። ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ይይዛሉ፤ ሁለቱም ግን ሕያዋን ስለሆኑ በመካከላቸው ለመንቀሳቀሻ የሚሆን ቦታና ቦታውን የሚያለሰልስ ነገር ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህ ፒን የሚጣበቀው እንዴት ነው? በአንድ ቀን አደጋ የሚጣበቅ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጣበቀው በመረሳት ነው። ግራሶው በየዕለቱ መሞላቱ ይቀርና ይደርቃል፤ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጭቃ ይጠጥራል፤ ግራሶ የሚያልፍበትን ቀጭን መንገድም ይደፍናል። ከዚያም መኪናው «ለጊዜው» ተብሎ ከግቢው ጥግ ይቆማል። አንድ ክረምት ያልፋል፤ ሁለተኛውም ይደገማል። ውሃው ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ብረቱም መዛግ ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው። ስለዚህ በፒኑና በቡሹ መካከል የነበረው ቀጭን ክፍተት ከውጭ በመጣ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከራሳቸው አካል በወጣው ዝገት ይሞላል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተናክሰው ይቀራሉ።

ብዙ ጠብ ከዚህ የተለየ አይደለም። መነሻው ሲመረመር ከአባት የተወረሰ የእርሻ ድንበር አንድ ክንድ መግባቱ፣ ወይም በሠርግ ላይ «አልተጠራሁም» መባሉ ይሆናል። ያ ነገር ዛሬ የለም፤ መሬቱም ተከፋፍሏል፣ ሙሽሮቹም ልጆች ወልደዋል። በመካከል የሞላው ያ የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከገዛ ልባችን የወጣው ነው፤ «ስታመም አልጠየቀኝም»፣ «በለቅሶው ላይ ከበሩ ተመለሰ»፣ «ልጁን ልጄን ሰላም እንዳይል ከለከለው» የሚሉት ናቸው። ስለዚህም ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ነገር ፈትተው ሲያበቁ ጠቡ ሳይፈታ ቀርቶ ይደነቃሉ።

ሥራውን የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ፒን ሲያጋጥመው አስቀድሞ የሚያነሣው ትልቁን መዶሻ ነው። በሙሉ ኃይሉ የፒኑን ራስ ይመታል። የሚሆነውን ግን አያስተውልም፤ የተመታው ራስ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፤ የሰፋው ራስም በቀዳዳው ሊያልፍ ስለማይችል ፒኑ ካልተመታው ይልቅ ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ የፒኑ ቆዳ ተለይቶ የጠነከረ ብረት በመሆኑ በመዶሻ ሲመታ ስባሪው ይፈናጠራል፤ በዚህ ዐይኑን ያጣ ሠራተኛ አለ። ዐዋቂዎቹ መምታት ግድ በሆነባቸው ጊዜ እንኳ በመዶሻውና በፒኑ መካከል ለስላሳ የነሐስ ዘንግ ያኖራሉ። ከዐደባባይ ተግሣጽ የሚመጣውም ጉዳት ይህንኑ ይመስላል። ሰውን በማኅበርተኞቹ ፊት «አንተ ልበ ደንዳና» ማለት ራሱን ማስፋት ነው። እስከዚያ ቀን በጠቡ ብቻ ተይዞ የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ በኀፍረቱም ይያዛል። ከስብከት አትሮንስ ላይ የሚወርድ እንዲህ ያለ መዶሻም አለ፤ ጌታ ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 18 የበደለውን ወንድም መጀመሪያ ብቻውን ሆኖ ማነጋገር እንደሚገባ አስተምሮአል።

በከባድ መኪና ጥገና የሸመገሉ አንድ መካኒክ እንዲህ ያለውን ፒን ሲያወጡ የተመለከተ ሰው በሥራቸው ቅደም ተከተል ይደነቃል። ግማሹን ቀን ፒኑን አልነኩትም። ወፍራም የእንጨት ጉማጆች እያስመጡ ከባኬቱ ሥር ደረደሩ፤ በክሪክ ክንዱን በትንሽ በትንሹ አነሡ፤ እንደገና ዝቅ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው አጮልቀው ተመለከቱ፤ አሁንም አስተካከሉ። የሚረዳቸው ወጣት ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጋሼ፣ ፒኑን መቼ ነው የምንጀምረው?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ከጀመርን ቆየን እኮ። በላዩ ይህ ሁሉ ክብደት ተጭኖት እንዴት አድርጎ ይውጣልህ?» አሉት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከብዙ ኩንታል የሚመዝነው ባኬት በፒኑ ላይ ከተንጠለጠለ ፒኑን ጎን ለጎን ይጫነዋል፤ ዝገት ባይኖር እንኳ አያስወጣውም። የተጣላ ሰውም በላዩ የተንጠለጠለ ሸክም አለ። ዕዳ ያለበት፣ በፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚመላለስ፣ ከዘመዶቹ «ብትታረቅ ከእኛ አይደለህም» የተባለ ሰው «ይቅር በል» ሲባል ልቡ ቢፈቅድ እንኳ መንቀሳቀሻ የለውም። የሀገራችን ሽማግሌዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ባላንጣዎቹን ከማገናኘታቸው በፊት ለየብቻ ደጋግመው ያነጋግራሉ፤ ማን ከኋላ ሆኖ እንደሚገፋም ያጣራሉ፤ ካሣውንና ዋሱን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ለችኩል ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ሥራው ግን ተጀምሯል።

እዚህ ላይ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ስለ ልጆችሽ ስትዪ ቻዪው፤ ታረቂና ግቢ» ብሎ መመለስ ዕርቅ አይደለም። ይህ ሸክሙን እንደ ተንጠለጠለ ትቶ ከሥሩ ገብቶ መሥራት ነው፤ በጋራዥም እንዲህ ያደረገ ሰው ይሞታል። መጀመሪያ ባኬቱ ይደገፍ፤ ይኸውም የሴትየዋ ሕይወትና አካል ከአደጋ ይጠበቅ፤ ዱላውም ይቁም። ስለ ዕርቅ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳያደርጉ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችም ሆኑ ካህናት በሌላ ሰው አንገት ላይ ድፍረት ያሳያሉ።

መካኒኩ ክብደቱን ካነሡ በኋላ ብሩሽ አንሥተው የጠጠረውን ጭቃ ጠረጉ። ከጭቃው ሥር ፒኑ እንዳይዞር የሚይዝ አንድ ትንሽ ማቆሚያ ቡሎን ተገኘ። እርሱ ሳይፈታ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቢመታ ፒኑ አይንቀሳቀስም ነበር። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 የአንዱ ደቀ መዝሙር የተዋሰው መጥረቢያ ከውሃ በገባ ጊዜ፣ ነቢዩ ኤልሳዕ ብረቱን ከማንሳፈፉ በፊት የወደቀበትን ቦታ ጠይቆ ነበር። የሕሊና ምርመራ ይህን ይመስላል። ሰው ከንስሐ አባቱ ፊት ሲቀርብ የወንድሙን በደል በሰፊው ከተናገረ በኋላ፣ ከጭቃው ሥር የራሱ የሆነች አንዲት ያልተፈታች ነገር ትገኛለች፤ ማንም ያልሰማበት አንድ ሐሰት፣ ወይም በቁጣ ቀን የወጣ፣ ስለ ሟች እናት የተነገረ አንድ ቃል ይሆናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1984 ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር ዕርቅንና ንስሐን በአንድ ርእስ ሥር ያስተማሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ ዘይት ይመጣል፤ ከዘይትም ጋር መጠበቅ። ቀጭን ዘይት በፒኑ ዙሪያ ይንቆረቆራል፤ ዝገቱ መካከል በጥቂት በጥቂቱ እየሰረገ እንዲገባ ሌሊቱን ይተዋል፤ በማግሥቱ ይደገማል፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በመካከሉ ቀላል ኳኳታ ይደረጋል፤ ይህም ለማስወጣት ሳይሆን ዝገቱ ተሰነጣጥቆ ለዘይቱ መንገድ እንዲከፍት ነው። የዚህ ሥራ አስቸጋሪነት የሚታይ ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ዘይቱ ይግባ አይግባ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

ያዕቆብ ወደ ወንድሙ ወደ ኤሳው የተመለሰበትን መንገድ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 እንመልከት። በረከቱን በተንኰል ወስዶ ከሸሸ 20 ዓመታት አልፈዋል። ኤሳውም 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ ነው። ያዕቆብ ግልገል ግመሎቹ ሳይቈጠሩ 550 እንስሳት ለእጅ መንሻ ለየ፤ ፍየሎች፣ በጎች፣ ግመሎች፣ ላሞች፣ አህዮች። ሁሉንም ግን በአንድ ጊዜ አልነዳቸውም። መንጋ መንጋውን ለይቶ፣ በመንጋና በመንጋ መካከል ርቀት እንዲኖር አዘዘ፤ እያንዳንዱም እረኛ ለኤሳው የሚናገረውን የትሕትና ቃል አስጠናው። እንግዲህ ይህ ሰው ዘይቱን በጠብታ እያፈሰሰ ነበር። እርሱ ራሱ ወንድሙ ፊት የደረሰው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ሰባት ጊዜ ወደ ምድር እየሰገደ።

በሀገራችንም ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ በገቡ ጊዜ አፋቸውን ለስብከት ለመክፈት አልቸኰሉም። የመጀመሪያ ንግግራቸውን ያደረጉት በሚቀጥለው ዓመት በጃንዋሪ ነው፤ በመካከሉ የነበሩትን ወራት ቋንቋ በመማርና ሰዎቹን በማወቅ አሳለፉ። ለአውሮጳዊ መነኵሴ በጥርጣሬ ተዘግቶ የነበረው በር የተከፈተላቸው በዚህ ትዕግሥት ነው።

ዘይቱ ብቻውን ያልበቃ እንደሆነ እሳት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ፒኑን ያሞቃሉ። ፒኑ ሲሞቅ ይወፍራል፤ ይበልጡን ይጠብቃል። መሞቅ ያለበት በዙሪያው ያለው፣ ቀዳዳውን የያዘው ብረት ነው። ልዩነቱ ሲሰላ አስቂኝ ያህል ትንሽ ነው፤ ውስጡ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀዳዳ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር፣ የሚሰፋው 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ያች የወረቀት ስፋት ግን ትበቃለች። እሳቱ ከመለኰሱ በፊት ደግሞ ግራሶ የሚሞላበት አፍ ይፈታል፤ ምክንያቱም በውስጥ የታፈነው ግራሶ ሲሞቅ መውጫ ካጣ ፒኑን እንደ ጥይት ሊያስፈናጥረው ይችላል። ብረቱ እስኪቀላም አይሞቅም፤ ጥንካሬውን ያጣልና።

ስለዚህ አጥብቆ የያዘውን ሰው ለማለዘብ የሚሻ፣ ከእርሱ በፊት በዙሪያው ያሉትን ያሙቅ። ሚስቱን፣ የማኅበር ጓደኞቹን፣ የክርስትና ልጁን ማለት ነው። ሁሉም በጠቡ የቀዘቀዙ ከሆነ እርሱ ብቻውን ሊላላ አይችልም። የታፈነውንም ይናገር ዘንድ መውጫ ይተውለት፤ በሽማግሌ ፊት ለሁለት ሰዓት የጮኸ ሰው ሽምግልናውን ያበላሸ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያዳነው እርሱ ነው።

ይህ ሙቀት የት ድረስ እንደሚሄድ በዘመናችን በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በመሐመድ አሊ አግጃ የተተኰሱባቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ከአራት ቀን በኋላ በሆስፒታል ሳሉ ይቅር እንዳሉት አስታወቁ። በዚህ አላበቁም። ዲሴምበር 27 ቀን 1983 ሮም ወደሚገኘው የሬቢቢያ እስር ቤት ሄደው ከሰውዬው ጋር በክፍሉ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ይቅርታው ግን ፍርዱን አላፈረሰውም፤ አግጃ በጣልያን ፕሬዚደንት ምሕረት ከጣልያን እስር ቤት የወጣው በ2000 ነው። ይቅርታና ፍትሕ የሚጋጩ የሚመስላቸው ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

ፒኑ መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ አይወጣም፤ ይዞራል። ያውም በጸጉር ስፋት። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ሲያይ በደስታ ሊመነጭቀው ይነሣል። መካኒኩ ግን ጥቂት አዙረው መለሱት፤ ዘይት ጨመሩ፤ ደግሞ አዞሩት። በጠላትነት በኖሩ ሁለት ጎረቤቶች መካከል ይህ የመጀመሪያ መዞር «እንደምን አደርክ» የምትል ቃል ናት። ከእርሷ ቀጥሎ ወዲያው «እንግዲያውስ ማዕድ እንቍረስ» አይባል፤ ለጥቂት ሳምንታት «እንደምን አደርክ» ብቻ ትሁን። ቅዳሴያችን የሰላም ሰላምታ የሚባለውን በየሳምንቱ የሚሰጠን ለዚህም ይጠቅማል፤ በግዕዝ ሥርዓት ከአኰቴተ ቁርባን በፊት፣ በላቲን ሥርዓት ደግሞ ከቅዱስ ቁርባን መቀበል በፊት። ከአጠገብህ የቆመው እርሱ ከሆነ፣ ቦታ ለመቀየር አትነሣ።

ሁሉ ተሞክሮ የማይወጣ ፒንም አለ። ያን ጊዜ ይቆረጣል። ነገር ግን የሚቆረጠው ፒኑ ነው፤ ክንዱንና ባኬቱን ለማዳን ሲባል። አንዳንድ ሽርክና፣ አንዳንድ የጋራ ንብረት፣ አንዳንድ በአንድ ግቢ መኖር ካልተቆረጠ ሁለቱም ሰዎች ይጠፋሉ፤ በሰላም መከፋፈል ለእነርሱ የዕርቁ መጀመሪያ ይሆናል። ሰውየውን ራሱን ቆርጦ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ከጌታ አልተፈቀደልንም። እምቢ ያለውን እንደ አረማዊና እንደ ቀራጭ እንድናየው ያስተማረው ጌታ፣ ቀራጮችን ራሱ ከማዕዳቸው ቀርቦ ይፈልጋቸው ነበር።

ፒኑ በወጣ ጊዜ ሥራው አያልቅም። ቀዳዳው ሲመረመር ክብነቱን አጥቶ ይገኛል፤ ቡሹም ተበልቷል። አሮጌውን ፒን ጠርጎ እንደ ነበረ መመለስ በስድስት ወር ውስጥ ወደዚያው ጠብ መመለስ ነው። አዲስ ቡሽ ይገባል፤ የቡሹ ቀዳዳ ግራሶ ከሚመጣበት መንገድ ጋር መገናኘቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሎደሩ በሠራ ቀን ሁሉ ግራሶ ይሞላለታል። የታረቁ ሰዎችም «ነገሩ እንደ ድሮው ይሆናል» ብለው ከጠበቁ ያዝናሉ። እንደ ድሮው አይሆንም። ያዕቆብና ኤሳው ተቃቅፈው ከተላቀሱ በኋላ አብረው አልኖሩም። ኤሳው «አብረን እንሂድ» ቢለው ያዕቆብ በልጆቹና በመንጋው ድካም አመካኝቶ ወደ ሱኮት አቀና፤ ኤሳውም በዚያው ቀን ወደ ሴይር ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የሁለቱ ስም አንድ ላይ የተጠራው በምዕራፍ 35 መጨረሻ ነው። አባታቸው ይስሐቅ በ180 ዓመቱ አረፈ፤ ልጆቹ ኤሳውና ያዕቆብም ቀበሩት።